አሮጌው ስልክ የማያውቀው ቁልፍ

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ አስኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ስልካቸውን አጠገባቸው ለተቀመጠው ወጣት አሳዩት።

«ልጄ፣ ይሄ መተግበሪያ ‹ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም› እያለ እምቢ አለኝ።»

«እማማ፣ ስልክዎ አሮጌ ነው። የሚያውቀው የድሮውን ምስጠራ፣ የመልእክቱን ቁልፍ፣ ብቻ ነው። እሱን ሌቦች ስለሚፈቱት በዚህ ሳምንት ዘጋነው።»

«አንተ ነህ የዘጋኸው?»

«መተግበሪያውን የሚሠራው መሥሪያ ቤታችን ነው። እኔም ይዘጋ ካሉት አንዱ ነኝ። በሌላ ስልክ ይክፈቱት።»

«የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ልጄ ናት። ቤሩት ልትሄድ ስትል እሷው ናት ያስገባችልኝ።»

«ደውለው ይጠይቋታ።»

«ስልክ የላትም። አርብ አርብ አሠሪዋ ስትወጣ በቤቱ ታብሌት ትደውልልኛለች፤ በዚሁ መተግበሪያ።»

ወጣቱ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ዛሬ አርብ ነው እኮ» አሉት።

«ወራጅ አለ» አለ ወጣቱ።

እኔ አዲሱን ስልኬን አስኮ እስክደርስ ከኪሴ አላወጣሁትም።