ግድግዳ ግድግዳውን የሄደው ልጅ እናት

ሥራችሁን ትታችሁ ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እኛ ቤተሰቦቻቸው እቴቴ የምንላቸውን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ደግሞ የአይጦቹ እመቤት ይሏቸው የነበሩትን የታላቅ እኅቴን ዜና ሕይወት በአጭሩ አነብላችኋለሁ፤ በአጭሩ ማለቴም እሳቸው ረጅም ንግግር ሲሰሙ እግራቸውን ማወዛወዝ ይጀምሩ እንደነበር ስለማውቅ ነው።

እቴቴ ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ጊዜው የችግር ጊዜ ነበርና ከቀጭን ሾርባ ያለፈ ነገር እምብዛም ሳይቀምሱ አደጉ፤ ያም ሆኖ እናታችን “ይህች ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለ እንዴ?” እስኪሉ ድረስ አንድ ቦታ መርጋት አያውቁም ነበር። ትምህርታቸውን ቆመው ጨረሱት ማለት ይቀላል። በሥነ ሕይወት በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀውም በአንድ የአንጎል ምርምር ክፍል ተቀጠሩ።

የአይጦቹን ክፍል መብራት ሊጠግኑ ከመጡት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ፤ ቀኑን ያልጠበቀ፣ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። እሳቸው ያዩትን ረሃብ ልጃቸው እንዳያይ ምለው ወተቱን በቅቤ፣ ድንቹን በዘይት፣ ዳቦውን በክሬም እያጠገቡ አሳደጉት። ጎረቤት ሁሉ ጉንጩን እየቆነጠረ ሲያደንቅ፣ ባለቤታቸው ግን “ይህ ልጅ ነው እንጂ ኩራዝ አይደለም፤ ዘይቱን ቀንሺለት” እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ልጁ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ እቴቴ አዲስ ጥናት ያዙ። ከጡት ጀምሮ ቅባት የበዛበት ምግብ የተመገቡ ግልገል አይጦች፣ በኋላ ወደ ተራ ምግብ ቢመለሱ እንኳ፣ ሰፊና ብርሃን ያለበት ሣጥን ውስጥ ሲለቀቁ መሃሉን ማቋረጥ ፈርተው ግድግዳ ግድግዳውን ሲሮጡ፣ በትንሽ ድምፅም ሲበረግጉ ተመለከቱ። ይህን አይተው ወደ ቤት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የጀመረውን የማይጨርስ፣ በሆነው ባልሆነው ቱግ የሚል ልጅ ነበርና ልባቸው ድንግጥ አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሳሎኑን ዕቃ በሙሉ አውጥተው፣ ወለሉን ፈትገው አጥበው፣ መጋረጃውን ገልጠው በጓዳው በር ስንጥቅ እያዩ መጠበቅ ጀመሩ። ልጁ ከትምህርት ቤት ገባ፤ ቆም ብሎ ባዶውን ክፍል አየና ቦርሳውን ደረቱ ላይ ታቅፎ ግድግዳ ግድግዳውን ወደ መኝታው ሄደ። እኅቴ ጓዳው ውስጥ ተቀምጠው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የሚባል ነገር አላወቁም። ቅቤ ከቤት ተባረረ፤ ልጁም ከሐኪም ሐኪም ተንከራተተ። ቀድሞ የሆነው ኋላ ይቃና እንደሆነ ለማወቅ ዕድሜያቸውን ሰጡ፤ በልጅነታቸው ምግባቸው የተስተካከለላቸውና መሮጫና ጓደኛ ያገኙ አይጦች በመጠኑ ሲደፍሩ ቢያዩም፣ “በመጠኑ” የምትለው ቃል አላስተኛ አለቻቸው። አንድ ጋዜጠኛ እናቶች የልጆቻቸውን አንጎል እያበላሹ ነው እንዲሉለት ሲጎተጉታቸው “አይጥ አይጥ ነው፤ በየትኛዋም እናት ላይ ጣቴን አልቀስርም” ብለው መለሱት። ቤታቸው ገብተው ግን አሥሩንም ጣት ወደ ራሳቸው ይቀስሩ ነበር።

በቆሽት ሕመም አልጋ ከያዙ በኋላ፣ ዛሬ በሞተር ብስክሌት ዕቃ እያመላለሰ የሚተዳደረውን ልጃቸውን አስጠርተው ስለ ቅቤውም ስለ ባዶው ሳሎንም ተናዘው ይቅርታ ጠየቁት። ልጁም ራሱን እያከከ “እማዬ፣ ወለሉ እኮ እርጥብ ነበር፤ ብረግጠው ትገድይኝ አልነበር?” አላቸው። ስንቱን ሙከራ በጥንቃቄ የመሩት እኅቴ የገዛ መወልወያቸውን ረስተውት ኖሯል። ነርሷ ደንግጣ እስክትመጣ ድረስ ሳቁ፤ ከዚያ ግን ያው እሳቸው ናቸውና፣ ወለሉ እርጥብ መሆኑ ብቻ እሱ ለምን አንድ ቦታ እንደማይረጋ አያስረዳም ብለው ሊሟገቱት ጀመሩ።

ልጁም “እኔም አላውቀውም፤ ምናልባት ቅቤው ነው፣ ምናልባት አንቺን መስዬ ነው። እኔን ያመመኝ ግን እሱ አይደለም። ከበር ኋላ ሆነሽ ስታዪኝ ኖርሽ፤ አንድ ቀን እንኳ ገብተሽ አብረሽኝ አልተጫወትሽም” አላቸው። እኅቴም የአልጋ ልብሱን ገልጠው እግራቸውን ወደ ወለሉ አወረዱ። በቀሩት ሳምንታት ክንዱን ተደግፈው በሆስፒታሉ ኮሪደር ሲመላለሱ፣ ስለ ሞተሩና ስለ ደንበኞቹ ሲያወሩና ሲሳቁ ሰነበቱ፤ ስለ አይጥ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋትም ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘ ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ አንድ ልጃቸውና እኔ ታናሽ ወንድማቸው ቀርተናል። ያ ከወንበሮቹ ኋላ ወዲያ ወዲህ የሚለው ልጃቸው ነው፤ እባካችሁ ቁጭ በል አትበሉት፤ ጉልበት ያላችሁ ተነሡና አብራችሁት ተመላለሱ። ለእኅቴም ፈጣሪ በሕይወታቸው ያጡትን ዕረፍት ይስጥልን። አሜን።