ያልተሰረዘው ስም

ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ጥቁር የለበሰች ሴትና በእኛ ቀበሌ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወጣት ነበሩ።

«ልጄ ጌትነት እናንተ ጋ ነበር የሚማር። ከሞተ ዓመት ሆነው» አለችው።

«የአምስተኛ ክፍሉ ጌትነት? ሞቷል እንዴ! ስሙ ከመዝገብ አልተሰረዘም እኮ።»

«ምነው?»

«የተማሪ ቁጥር ሲያንስ ለትምህርት ቤቱ የሚመጣው ድጎማም ያንሳል። ርዕሰ መምህሩ ከአምና ጀምሮ አንድም ስም እንዳትሰርዙ ብለዋል።»

«ሊቆጥሩ ሲመጡስ?»

«ከየኔታ ዘንድ የቆሎ ተማሪዎች ተውሰን እናስቀምጣለን።»

«በጌትነት ስም ማን አቤት አለ?»

«አንዱ የቆሎ ተማሪ ነው። እንዳይነቃብን በስጦታ ካገኘነው ልብስ ሹራብ አለበስነው።»

«አረንጓዴ? ክርኑ ላይ በቀይ ክር የተጣፈ?»

«እንዴት አወቁ?»

«የጌትነት ነበር፤ ለድሃ ልጅ ይሁን ብዬ የሰጠሁ እኔ ነኝ።»

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። እግዜር ያውቃል፣ አላወቅሁም።»

«ተወው። ለልጁ ልኩ ነው?»

«እጅጌው ትንሽ አጥሮታል።»

ካቻምና ልጄ ታማ ሦስት ሳምንት ብትቀር ስሟን በቁሟ የሰረዘው ይኸው ርዕሰ መምህር ነው፤ አማኑኤል ስንደርስ ነጠላዬን አፌ ላይ ስቤ ወረድሁ።