መርማሪው የሚያውቀው ጎማ

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሐጂና አንዲት ቅቤ ነጋዴ ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ ዛሬ በታክሲ? ፒካፕዎስ?»

«ዓመታዊ ምርመራ ወድቃ ግቢ ቆማለች።»

«ውይ! ፍሬኗ ነው?»

«ፍሬኗማ አልሐምዱሊላህ፣ ሳልረግጠውም ይይዛል። በጎማ ነው የጣሉኝ።»

«የእርስዎ ጎማማ ሙልጭ ብሎ አልቋል።»

«እሱን አጥቼው ነው? ከጎረቤቴ አዲስ ጎማ ተውሼ፣ አስገጥሜ ነው የሄድኩት።»

«ታዲያ አዲስ ጎማ እንዴት ይጥላል?»

«መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጎማውን መታ መታ አደረገና ‹አካም ጅርታ፣ ዛሬም ተገናኘን?› ብሎ ሰላም አለው።»

«ጎማውን?»

«ጎማውን! እኔን ቀና ብሎም አላየኝ። ለካ ጎረቤቴ ለሰፈሩ ፒካፕ ሁሉ ሲያውሰው ከርሟል።»

«ወይ ጉድ! ሰው ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር የሚጓዝበት ዝያራ ደርሶ፣ ቅቤዬን እዚያ ማን ሊያደርስልኝ ነው?»

«አይዞሽ ልጄ፣ ሰኞ እንደገና እቀርባለሁ።»

«በምን ጎማ?»

«ዲንሾ ካለው አማቼ አስመጣለሁ። መርማሪው የሮቤን ጎማ እንጂ የዲንሾን አያውቅም።»

«አዲስ ቢገዙስ?»

«ገዝቼማ ጎረቤት ሁሉ ከእኔ ሊዋስ?»

እኔም ለነገው የፒካፔ ምርመራ ጎባ ተውሼ ጭኔ ላይ የያዝኩትን የፊት መብራት ቀስ ብዬ ገለበጥኩና መርማሪው የሚያውቅበት ምልክት እንዳለው ማየት ጀመርኩ።