ፈተናውን ያልቻለው ኮምፒውተር

ቡሬ ላይ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አምና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው በኮምፒውተር ሆነና፣ ፕሮግራሙ አዲስ ፕሮሰሰር ላላቸው ኮምፒውተሮች የተሠራ ኖሮ የእኛዎቹ አሮጌዎች መሸከም አቃታቸው። የጎበዟ ተማሪዬ የየሺ ስክሪን መሃል ላይ ድርቅ አለ፤ የሠራችው ሁሉ ጠፋ። እንደገና ትፈተን ብንልም ሰሚ አጣን፤ ወደቀች።

አባቷ ከማንኩሳ መጡ። «መምህር፣ ልጄ ሰንፋ ነው?»

«የለም አባባ፣ ዕቃው አርጅቶ ነው። ቀስ በቀስ እየተቀየረ ነው።»

አንገታቸውን ደፉ። «ልጄን ለጋብቻ የጠየቁኝን ሽማግሌዎች ‹ካለፈች ትማር› ብዬ ነበር የመለስኋቸው። አሁንስ ምን ብዬ ልመልሳቸው?»

የሺ ጥር ላይ ተዳረች። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች የገቡት ግንቦት ላይ ነው። ሌሎቹ መምህራን ደስ ብሏቸው ካርቶኑን ሲከፍቱ፣ እኔ ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ።