ጨው የገባበት ጄል

ዝናቡ ድንገት ሲወርድ የተጠለልኩት ጎረቤቴ ከሆኑት ቅባት ሠሪ አውደ ሥራ ነበር። ሽማግሌው እጀታቸውን ሰብስበው አንድ ባልዲ የፀጉር ጄል በጉልበት ያማስላሉ። በቅርቡ ኬሚስትሪ ተምራ የጨረሰችው የእህታቸው ልጅ አጠገባቸው ቆማለች።

ድሮ ጄሉን የሚሠሩት ከባሕር ሣር በሚወጣ ዱቄት ብቻ ነበር፤ ሲቋጥር ጓሉ በጉልበት በማማሰል ይጠፋ ነበር። በኋላ እንዲጠነክር ብለው ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣ ሌላ ዱቄት ጨመሩ። ሁለቱን ዱቄቶች ውሃ ውስጥ ባንዴ ደፍተው ሲመቱት ግን እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጥራል። የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ «ደንበኞቼ ፎረፎር ሳይኖራቸው ፎረፎር ገዙ» ብላ መልሳባቸዋለች። ዛሬ ማምሻውን ለመጨረሻ ጊዜ ልታይ ትመጣለች፤ እሷ ከተወቻቸው ሌላ ገዢ ስለሌላቸው በሩ ይዘጋል።

«ትንሽ ጉልበት ነው የቀረው» አሉኝ፣ ምስክር ሊያደርጉኝ ፈልገው።

«አጎቴ፣ በመቱት ቁጥር ይብስበታል» አለች ልጅቷ። «ጨው እናስገባበት።»

«ጨው ለድስት ነው። የሰው ራስ ልንቀቅል ነው እንዴ?»

እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልተቆጣችም። ዱቄቶቹ ውሃ ውስጥ ረጃጅም ክሮች እንደሚሆኑ፣ አንዱ ፖዘቲቭ ሌላው ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው እንደሚሳሳቡ አስረዳቻቸው።

«ሁለት የተነፋፈቁ ሰዎች በር ላይ ቢገናኙ እዚያው ተቃቅፈው ይቀራሉ፤ ከኋላ ያለው መግቢያ ያጣል። ጓሉ ይኸው ነው። ጨው መሐላቸው ሲገባ ሳይቸኩሉ ይዳረሳሉ። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ቀስ እያልን ስንጨምር ጨዉ ይሳሳል፤ ሁሉም በያለበት እጅ ለእጅ ይያያዛል።»

«ጨው ገላጋይ ነው በይኛ።»

«ገላጋይ ለተጣላ ነው አጎቴ። ይሄ ለተዋደደ ነው።»

ትናንት የበጀን ዘዴ ዛሬ መተው ለሁላችንም ይከብዳል። ሽማግሌው ማማሰያቸውን ባልዲው ላይ አጋደሙና «በብርጭቆ ብቻ፤ ባልዲዬን አትነኪም» አሉ።

ሁለቱን ዱቄቶች በጨው ውሃ ቀላቀለቻቸው። ብርጭቆው ጥርት አለ። «ይኸው ውሃ ሠራሽልኝ» ብለው ማማሰያቸውን ሲያነሡ ክንዳቸውን ቀስ ብላ ያዘች፤ ንጹሑን ውሃም በጠብታ ጨመረች። ውስጡ እየደፈረሰ፣ እየከበደ ከታች ረጋ። ከላይ የቀረውን ጨዋማ ውሃ ደፋች። አጎትየው በጣታቸው ዛቅ አድርገው አሹት፤ አንድም ጓል የለም። እሳቸው ራሰ በራ ስለሆኑ የተሞከረው በእኔ ፀጉር ላይ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ ስትመጣ መዳፏ ላይ ዘርግታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፤ ከዚያ የእኔን ራስ ዳበሰች።

«ባልዲ ሙሉ ሲሆን አስጠሩኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ የሚባክን ዱቄት የለም፤ ክንዳቸውም ዐርፏል፤ በሩም ክፍት ነው። ያን ቀን ግን የተበላሸውን ባልዲ ሊደፉ ሲሉ ልጅቷ ከለከለቻቸው፤ እንዲህ ያለው ጓል ቆሻሻን ስለሚሰበስብ ፋብሪካዎች እድፋም ውሃ ያጠሩበታል አለች።

«ስህተቴም ሥራ አገኘ በይኛ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ የተሰበሰበ እጀታቸውን አንድ በአንድ አወረዱ።