በሲሚንቶ የተመረገው የግንድ ቤት

ልጆቼ፣ ወደ እኔ ጠጋ በሉማ። በዚህ በጸደይ ዝናብ ልጄ አልማዝ እዚህ በሰው አገር፣ ዴንተን ከተማ አጠገብ፣ ለጎብኚ ወደተከፈተ የጥንት ገበሬዎች ግቢ ወሰደችኝ። አስጎብኚው የግንዱን ቤት እያሳየ፣ «የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች እንደሠሩት ጠብቀነዋል» አለ፤ አልማዝ ተረጎመችልኝ። ምኑን ጠበቁት! በግንዶቹ መሃል የነበረውን ጭቃ አንስተው ሲሚንቶ መርገውበታል። ደሜ ፈላ። ግንዱን በምርኩዜ ነካ ባደርገው እንደ ዳቦ ተፈረፈረ።

«እማዬ፣ አይነካም! ኤክስፐርት ነው የሠራው» አለች አልማዝ።

«ኤክስፐርቱ ቤት መርጎ ያውቃል? ሲሚንቶ ውሃ ይዞ እንጨት ያበሰብሳል። ጭቃ በጭድ ተቦክቶ ነው የሚመረገው፣ ንገሪው!» ብዬ የበሰበሰውን እንጨት እፍኝ ሙሉ አስጎብኚው መዳፍ ላይ አደረግሁለት። እሱም ጎንበስ ብሎ ግንዱን በጣቱ ፈተሸ።

ኋላ የግቢው ሰዎች ሲሚንቶውን ፈልፍለው አወጡት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰውዬው ጭድ ያመጣል፣ አልማዝ እያጉረመረመች ታቦካለች፣ እኔ እመርጋለሁ። የታችኞቹ ሁለት ግንዶች ግን አልተረፉም።