የሐጅ ገንዘብና መራጩ

በዕድሜዬ ስለ ቢራ ሰው የጠየቅኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በሐጅ ገንዘቤ ጉዳይ ነው። በሰው አገር ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ፣ ፓርኪንግ ስሠራ ያጠራቀምኩትን የጡረታ ገንዘብ የት እንደማደርገው ጨንቆኝ፣ እንድታስተረጉምልኝ ልጄን ሐያትን አስከትዬ የገንዘብ አማካሪ ዘንድ ሄድኩ። ከባለቤቴ ጋር መካ የምንሄድበት ስለሆነ ሐራም እንዲነካው አልፈለግኩም። ሰውየው የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ የሚያሠራ ሁለት ፈንድ አቀረበልን። ሁለቱም በየአገሩ ያሉ ትንንሽ ኩባንያዎችን አክሲዮን ይገዛሉ። ኢንዴክስ የሚሉት ሳይመርጥ ከሁሉም ይገዛል፤ ክፍያውም ትንሽ ነው። ሌላው አጥንቶ የሚመርጥ ባለሙያ አለው፤ ክፍያው ከበድ ይላል። እኔ በግ እንኳ ጥርሱን ሳላይ አልገዛምና ልቤ ወደ መራጩ ሄደ።

«እስቲ ጠይቂልኝ፤ መራጩ ቢራ ጠማቂዎችን ይተዋል?» አልኳት።

ጠየቀችው። መልሱን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት።

«አባዬ፣ ዘንድሮ በደንብ ያተረፈለት ቢራ ፋብሪካ ነው አለ። እዚያው ድረስ ሄዶ አይቶ ነው የገዛው።»

«ኢንዴክሱስ?»

«እሱም ውስጥ ቢራ አለ፤ ግን ከብዙ ኩባንያ መሐል ትንሽ ነው። በኢንዴክሱ ሳትጠራው ይመጣል። ለመራጩ ግን ፈልጎ እንዲያመጣልህ ደመወዝ ትከፍላለህ።»

ለኢንዴክሱ ፈረምኩ።

«ከትርፉ የቢራውን ድርሻ በየዓመቱ አስልተሽ ትለዪልኛለሽ፤ ለሚስኪን እሰጠዋለሁ» አልኳት።

«ኦኬ፣ እንግዲህ መራጯ እኔ ሆንኩ ማለት ነው» አለች።

«አዎ፤ ደመወዝ ግን የለውም።»